የጣና ዳር ድንጋዮች ምን ይናገራሉ?

ለአዲስ አንባቢዎች በሬዲዮ የተሰጠ የታሪክ ትምህርት

እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ደብተርና እርሳሳችሁን ያዙ። ግን ሁሉን ለመጻፍ አትቸኩሉ። ይህ ንግግር ታትሞ እጃችሁ ይገባል። ዛሬ በጆሯችሁ የሰማችሁትን ነገ በዓይናችሁ ታነቡታላችሁ።

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ባሕር ዳር ከተማና በጣና ሐይቅ ዙሪያ ስላሉ ጥንታዊ ሥራዎች ነው። "እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ ስለ ጣና ድንጋይ ምን አገባኝ?" የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። አባቶች "የማያውቁት አገር አይናፍቅም" ይላሉ። እውነት ነው። ያላወቁት ነገር አይናፍቅም፤ ሲጠፋም አያሳዝንም። እንግዲህ መጀመሪያ እንወቀው።

ከመጀመራችን በፊት ስለ ዓመት ቁጥር አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዚህ ንግግር ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው። የእኛን ዓመት ለማግኘት 7 ወይም 8 እንቀንሳለን። ለምሳሌ 1636 ካልን፣ 8 ስንቀንስለት 1628 ዓመተ ምሕረት ይሆናል። ይህን መቀነስ በደብተራችሁ ላይ ሞክሩት። ሒሳብና ታሪክ ጎረቤታሞች ናቸው።

ስም ታሪክ ይይዛል

እኔ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። በልደታ፣ ጠመንጃ ያዥ ከሚባለው ሰፈር ሆኜ ነው ይህን ትምህርት የማዘጋጀው። ጠመንጃ ያዥ! ስሙን አስተውሉ። ዛሬ እዚህ የምታዩት ሱቅ፣ ትምህርት ቤት፣ ታክሲና መንገድ ነው። ስሙ ግን ጠመንጃ ይዘው ስለሚያገለግሉ ሰዎች ይናገራል። ብዙ የአዲስ አበባ ሰፈሮች ስማቸውን ያገኙት በዚያ ከሰፈሩት መኳንንት፣ ወታደሮች ወይም የእጅ ባለሙያዎች ነው። ሰዎቹ አልፈዋል፤ ስሙ ቀርቷል።

ባሕር ዳርም እንዲሁ ነው። ባሕር ዳር ማለት በባሕር ዳርቻ ያለ ቦታ ማለት ነው። ጣና በእርግጥ ሐይቅ እንጂ የጨው ባሕር አይደለም። ግን ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዳሩ ላይ ቆሞ ማዶውን ማየት ለማይችል ሰው፣ ባሕር ብሎ ቢጠራው ምን ይገርማል?

ስም አንድ ነገር ይነግረናል። ድንጋይ ደግሞ ሌላ ይነግረናል። የጥንት ሰዎች ሠርተውት፣ ከዘመን ብዛት ወይም ከጦርነት የተነሣ የፈረሰ ሕንጻ ፍርስራሽ ይባላል። ብዙ ሰው ፍርስራሽ ሲያይ "ያለቀለት ነገር ነው" ይላል። እኔ ግን ፍርስራሽ የተቀደደ ደብዳቤ ነው እላለሁ። ከፊሉ ጠፍቷል፤ የቀረውን የሚያነብ ሰው ግን መልእክቱን ያገኘዋል።

በሌላው ዓለም እንዴት ነው?

በሜዲትራንያን ባሕር ዳር ብዙ የታወቁ ከተሞች አሉ። በግብፅ እስክንድርያ አለች። በቱርክ አገር ደግሞ አንታልያ የምትባል ከተማ አለች። ወደ አንታልያ ሰዎች ለዕረፍት ይሄዳሉ። ጧት በባሕሩ ይዋኛሉ፤ ከሰዓት በኋላ በአካባቢው ያሉትን የጥንት ሮማውያን ፍርስራሾች ይጎበኛሉ። ከአንታልያ ብዙ ሳይርቅ አስፔንዶስ የሚባል ቦታ አለ። እዚያ ከ1,800 ዓመት በፊት የተሠራ ትልቅ የድንጋይ ቲያትር ቤት እስከ ዛሬ ቆሟል።

ለምን ቆመ? ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸውላችሁ። ሮማውያን ከሄዱ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ፣ ሴልጁቅ የሚባሉት የቱርክ ገዢዎች ሕንጻውን አላፈረሱትም። ጠግነው ተገለገሉበት። ሰው የሚገለገልበት ቤት ጣሪያው ይታደሳል፤ ግድግዳው ይጠገናል። የተረሳ ቤት ግን ድንጋዩ እየተነቀለ ለሌላ ሥራ ይወሰዳል። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙት። ኋላ እንመለስበታለን።

ባሕር ዳርና ሐይቁ

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ባሕር ዳር በጣና ሐይቅ ደቡብ ዳርቻ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ በመኪና የሚሄድ ሰው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። መንገዱ በጎጃም በኩል ሲሆን የዓባይን በረሃ ወርዶ ይወጣል። ዓባይ ከጣና የሚወጣው እዚያው ከከተማዋ አጠገብ ነው። ስለዚህ ተጓዡ ወንዙን መጀመሪያ በጥልቁ ሸለቆ ውስጥ ያገኘዋል፤ በመጨረሻም መውጫው ላይ ይደርስበታል።

ከተማዋ በዘንባባ ዛፎቿና በሰፋፊ መንገዶቿ ትታወቃለች። ትልቅ ከተማ የሆነችው ግን በቅርብ ዘመን ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ በ1961 ሥራ ጀመረ። የፖሊ ቴክኒክ ትምህርት ቤቷ በ1963 ተከፈተ። ከዚያ በፊት በባሕር ዳር ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለች ትንሽ መንደር ነበረች። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ የቆየ የድንጋይ ግንብ አለ። ሰዎች "የፔድሮ ፓኤዝ ግንብ" ይሉታል። ይህን ስም አስታውሱት፤ በኋላ እናገኘዋለን።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ሐይቅ ነው። ስፋቱን ያየ ሰው በጣም ጥልቅ ይመስለዋል። ግን ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በውስጡ ከ30 በላይ ደሴቶች አሉ። ደሴት ማለት በውኃ የተከበበ መሬት ነው። በዳርቻው ደንገል የሚባል ተክል ይበቅላል። ከደንገል ታንኳ ይሠራል። ታንኳ በመሥራት በተለይ ወይጦ የሚባሉት ወገኖቻችን የታወቁ ናቸው። የጥንት ግብፃውያንም ከዚሁ ዓይነት ተክል ወረቀትና ጀልባ ይሠሩ ነበር።

የደሴቶቹ ገዳማት

በደሴቶቹና በዳርቻው ላይ ብዙ ገዳማት አሉ። በጦርነት ጊዜ ሰዎች መጻሕፍትን፣ ሥዕሎችንና የነገሥታት ዕቃዎችን ወደ ደሴት ይወስዱ ነበር። ለምን ቢባል፣ በፈረስ የሚመጣ ጠላት ውኃውን በቀላሉ አይሻገርም። ሐይቁ እንደ አጥር ሆኖ ጠበቃቸው።

ለባሕር ዳር ቅርብ የሆነው ዘጌ ነው። ዘጌ ወደ ሐይቁ የገባ የየብስ ምላስ ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያምና ሌሎችም አብያተ ክርስቲያናት እዚያ ይገኛሉ። የዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ክብ ነው። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኗል። ጥንት ማንበብ የማይችል ምእመን ታሪኩን የሚማረው ከሥዕሉ ነበር። ሥዕሉ ለእርሱ መጽሐፉ ነበር ማለት ነው።

ዘጌ ጫካዋ እስከ ዛሬ አለ። በጫካው ጥላ ሥር ቡና ይበቅላል። ጫካው የተረፈው እንዲሁ በአጋጣሚ አይደለም። በዘጌ በበሬ ማረስ በቆየ ሥርዓት የተከለከለ ነው። ሥርዓቱን የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም ናቸው ይባላል። ሕዝቡ ሥርዓቱን ስለ ጠበቀ፣ ጫካውም ቆየ።

ከዚያ ራቅ ብሎ በሐይቁ መካከል ዳጋ እስጢፋኖስ አለ። እዚያ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲለደስ ዐፅም እንዳለ ይነገራል። በጣና ቂርቆስ ደግሞ ታቦተ ጽዮን አክሱም ከመግባቷ በፊት 800 ዓመት ቆይታበታለች የሚል ትውፊት አለ። ትውፊት ማለት ከአባት ወደ ልጅ በአፍ ሲነገር የመጣ ታሪክ ነው።

እናቶችና እኅቶች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ወደ አንዳንዱ ገዳም፣ ለምሳሌ ወደ ዳጋና ወደ ክብራን ገብርኤል፣ ሴት አትገባም። ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና ወደ ናርጋ ሥላሴ ግን መግባት ይቻላል። ናርጋ ሥላሴ በደቅ ደሴት ላይ ነው። ያሠራችው ደግሞ ሴት ናት። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት አሠራችው። ወደ ደሴቲቱ ድንጋዩና ኖራው እንዴት እንደ ተጋዘ አስቡት!

በቤት ላይ ቤት

አሁን ወደ ሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ እንሂድ። ጎርጎራ ይባላል። በአሮጌው ጎርጎራ የዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ፍርስራሾች አሉ። ዐፄ ሱስንዮስ ከ1607 እስከ 1632 ነገሡ። በዚያ ጊዜ ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል ቄስ ነበረ። የተወለደው በስፔን አገር ነው። ኢየሱሳውያን ከሚባሉት የካቶሊክ ማኅበር ነበር። በ1603 ወደ አገራችን ገባ፤ አማርኛና ግዕዝ ተማረ፤ ስለ ኢትዮጵያም ትልቅ የታሪክ መጽሐፍ ጻፈ።

ፓኤዝ ለንጉሡ ባለ ፎቅ ቤት አሠራ። ድንጋይ ለሚጠርቡትና ለሚገነቡት ሰዎች ራሱ እያሳየ ያስተምር ነበር። በጊዜው ሰው ፎቅ ቤት አይቶ ስለማያውቅ በጣም ተደነቀ። ምን ብለው ጠሩት መሰላችሁ? "በቤት ላይ ቤት" አሉት። ዛሬ በልደታ ፎቅ ለሞላበት ሰው ይህ ያስቅ ይሆናል። ግን ቃል ያልነበረውን ነገር እንዲህ ባለ ግልጽ አማርኛ መሰየም ትልቅ ጥበብ ነው።

ፓኤዝ በ1622 በዚያው በጎርጎራ አረፈ። ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ ግን መራራ ነው። ንጉሡ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው ነበር። በራሳቸው ብቻ አላበቁም፤ ሕዝቡም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ በዐዋጅ አስገደዱ። ገበሬው፣ መነኩሴው፣ መኳንንቱም እንቢ አሉ። አገር ለሁለት ተከፈለ። ወንድም ወንድሙን ወጋ።

በመጨረሻ በሰኔ ወር 1632 ከላስታ ከተነሡት ዐመፀኞች ጋር ትልቅ ጦርነት ሆነ። ንጉሡ አሸነፉ። ግን በሜዳው ላይ 8,000 ያህል ሰዎች ሞተው እንደ ነበር ተጽፏል። ሟቾቹ የውጭ ጠላት አልነበሩም፤ የራሳቸው አገር ገበሬዎች ነበሩ። ንጉሡ ከዚህ በኋላ ግዴታውን አነሡ። ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ፈቀዱ። ዙፋኑንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ በዚያው ዓመት አረፉ።

እንግዲህ በጎርጎራ የፈረሰውን ግድግዳ ስናይ ሁለት ነገር እናነባለን። አንደኛው፣ የውጭ እውቀትና የአገር እጅ ሲገናኙ "በቤት ላይ ቤት" እንደሚሠራ ነው። ሁለተኛው፣ የሰውን ልብ በግድ ለመለወጥ የሚሞክር መንግሥት የራሱን ቤት እንደሚያፈርስ ነው። ሁለቱም በአንድ ድንጋይ ላይ ናቸው።

ጉዛራና ጎንደር

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ በእንፍራዝ አካባቢ በኮረብታ ላይ የቆመ ግንብ ያያል። ጉዛራ ይባላል። የታሪክ ጸሐፊዎች ከ1563 እስከ 1597 በነገሡት በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን እንደ ተሠራ ይናገራሉ። ከኮረብታው ላይ ጣና ይታያል። ንጉሡ በዚያ ሲቀመጡ ሐይቁንም ሜዳውንም በአንድ ጊዜ ይጠብቁ ነበር ማለት ነው።

ዐፄ ፋሲለደስ ደግሞ በ1636 ጎንደርን መሠረቱ። ጎንደር ከ200 ዓመት በላይ የነገሥታት መቀመጫ ሆነች። የፋሲል ግቢ ከ1979 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቅርስ ማለት ከቀደሙት ተረክበን ለሚመጡት የምናስረክበው ሀብት ነው። የጎንደር ግንቦች ብዙ ችግር አይተዋል። የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶባቸዋል። በ1888 የሱዳን መሐዲስቶች ከተማዋን አቃጥለዋል። በ1941 ጣልያኖችን ለማስወጣት በተደረገው ጦርነት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ጥለዋል። ይህ ሁሉ ደርሶባቸው ብዙዎቹ ዛሬም ቆመዋል።

ከፋሲል ግቢ ራቅ ብሎ የፋሲል መዋኛ አለ። በጥምቀት ሰሞን ውኃ ይሞላል፤ ሕዝቡም በዓሉን እዚያ ያከብራል። የአስፔንዶስን ነገር አስታወሳችሁ? ሰው የሚገለገልበት ነገር አይረሳም። መዋኛው ከ300 ዓመት በላይ የቆየው በየዓመቱ የሚጠርገውና የሚሞላው ሕዝብ ስላለ ነው።

የዓባይ ሁለት ድልድዮች

ወደ ባሕር ዳር እንመለስ። ከከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጢስ ዓባይ አለ። ዓባይ 45 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረወራል። በክረምት ሲሞላ ስፋቱ 400 ሜትር ይደርሳል። የውኃው ብናኝ እንደ ጢስ ስለሚወጣ ጢስ ዓባይ ተባለ።

ወደ ፏፏቴው በእግር የሚሄድ ሰው አንድ አሮጌ የድንጋይ ድልድይ ይሻገራል። የአላታ ድልድይ ይባላል። በ1626 በዐፄ ሱስንዮስ ትእዛዝ ተሠራ። በዓባይ ላይ የተሠራ የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ ነው። ለኖራ የሚሆነው ድንጋይ እዚያው አጠገብ ተገኘ። ሥራውን የመራው ከሕንድ አገር የመጣ ባለሙያ ነበር። ያን ድልድይ ዛሬም ገበሬው ከብቱን ይነዳበታል፤ እናቶች ወደ ገበያ ይሄዱበታል።

ቆም እንበልና እናስብ። የንጉሡን ስም እናውቃለን። ስለ ድልድዩ የጻፉትን ቄሶች ስም እናውቃለን። ድንጋዩን የፈለጡት፣ የጠረቡት፣ በትከሻቸው የተሸከሙት ሰዎች እነማን ነበሩ? ውኃ የቀዱላቸው፣ እንጀራ የጋገሩላቸው ሴቶችስ? ስማቸውን አናውቅም። ለምን? ስማቸውን የሚጽፍላቸው አልነበረም፤ እነርሱም መጻፍ አልተማሩም። ሥራቸው ግን ወደ 400 ዓመት ሊሆነው ነው፤ አሁንም ሰው ያሻግራል።

ሁለተኛው ድልድይ ወንዙን ተከትሎ ወደ ታች፣ በሞጣና በደብረ ታቦር መካከል ይገኛል። በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን፣ በ1660 ገደማ እንደ ተሠራ ይነገራል። በጣልያን ወረራ ዘመን መካከሉ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ሰው "ሰባራ ድልድይ" አለው። ሰባራም ቢሆን መንገዱ አልቀረም። ሕዝቡ መላ መታ። ጎበዛዝት በግራና በቀኝ ባለው ስባሪ ላይ ይቆማሉ። ገመድ ይወረውራሉ። መንገደኛው ገመዱን ወገቡ ላይ ያስራል፤ ከዚያ ተንጠልጥሎ ከበታቹ ዓባይ እየጮኸ ተስቦ ይሻገራል። ወደ ገበያም፣ ወደ ሐኪምም፣ ወደ ዘመድም የሚኬደው እንዲህ ነበር። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ማለት ይህ ነው።

በ2001 አንድ አሜሪካዊ ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በመጽሔት ላይ አየ። ፎቶግራፉ ስላስጨነቀው ሰዎችን አስተባበረ። በ2002 ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ሆነው ክፍተቱን በብረት ገጠሙት። በ2005 ጎርፍ ወሰደው። ሕዝቡም ተስፋ አልቆረጠም። በ2009 ከፍ ያለ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ተመልከቱ፤ አንድ ገጽ ያነበበ ሰው ብዙ ሺህ ሰዎች የሚሻገሩበትን ነገር አስጀመረ።

ዛሬ ምን አደጋ አለ?

እነዚህ ሁሉ ነገሮች ጠባቂ ካላገኙ አይቆዩም። በጢስ ዓባይ በ1964 የመብራት ኃይል ማመንጫ ተሠራ። በ2001 ሁለተኛው ተጨመረ። ከዚያ ወዲህ የፏፏቴው ውኃ በበጋ በጣም ቀንሶ የታየበት ጊዜ ብዙ ነው። መብራት ያስፈልገናል፤ ፏፏቴውም ያስፈልገናል። ሁለቱን ማስታረቅ እውቀት ይፈልጋል። ፏፏቴውን በሙላቱ ለማየት የሚፈልግ ሰው በክረምት መጨረሻ ቢሄድ ይሻለዋል።

በሐይቁ ላይ ደግሞ እንቦጭ የሚባል አረም መጣ። በጣና ላይ በ2011 ታየ። አበባው ያምራል፤ ሥራው ግን ክፉ ነው። ውኃውን እንደ ምንጣፍ ይሸፍናል፣ ዓሣ አጥማጁንም መንገድ ይዘጋበታል። ብዙ ገበሬዎች ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ነቅለውታል። አረሙ ግን ቶሎ ቶሎ ስለሚራባ ሥራው አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ አይደለም።

በፍርስራሾቹ ላይ የሚደርሰው ሦስተኛው አደጋ ከእኛው ከሰዎች የሚመጣ ነው። አንዳንዱ የተጠረበውን ድንጋይ ለቤቱ መሠረት ወይም ለአጥሩ ይወስዳል። በክፋት አይደለም። "ተጥሎ የቆየ ድንጋይ ነው" ብሎ ነው። ምን እንደ ሆነ የሚነግረው ሰው አላገኘም።

ሌላው ደግሞ ስሙን በግንቡ ላይ ይጽፋል። በምስማር ይፋፋቅና "እገሌ እዚህ ነበር" ብሎ ይሄዳል። ይህን የሚያደርገው ያልተማረው ሰው አይደለም። መጻፍ የሚችለው ነው! ይህ እኛን ይመለከታል። መጻፍ የተማርነው ያለፈውን ለማጥፋት ሳይሆን ለማቆየት ነው። ስማችንን በደብተራችን ላይ እንጻፍ። ግንቡ የራሱ ጽሑፍ አለው፤ በላዩ ላይ አንጻፍበት።

እኛ ምን እናድርግ?

ሁላችንም ባሕር ዳር ለመሄድ ገንዘብም ጊዜም ላይኖረን ይችላል። ግን ሥራው ከቤት ይጀምራል። በልደታ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው በቦታቸው ፎቆች ቆመዋል። የተነሣው ነዋሪ ወደ ሌላ ሰፈር ሄዷል። እዚህ የነበረውን የሚያውቁ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ግን አሁንም በመካከላችን አሉ። እነርሱ ሲያልፉ የሚያውቁት ነገር አብሮ ይቀበራል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንድ ሥራ እሰጣችኋለሁ። ከጎረቤታችሁ አንድ ትልቅ ሰው ፈልጉ። "አባባ፣ ይህ ሰፈር ድሮ ምን ይመስል ነበር? እማማ፣ ውኃ ከየት ትቀዱ ነበር? ማን ማን እዚህ ይኖር ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። የነገሯችሁን በአምስት መስመር ጻፉት። የነጋሪውን ስም፣ ቀኑንና ቦታውን መጻፍ አትርሱ። ፊደል ብትስቱ ግድ የለም፤ ይታረማል። ያልተጻፈ ነገር ግን አይታረምም።

የአላታን ድልድይ የሠሩት ሰዎች ስማቸውን የሚጽፍ አላገኙም። የእናንተ ወላጆችና ጎረቤቶች ግን አግኝተዋል። እናንተ አላችሁላቸው።

እስከሚቀጥለው ትምህርት ደኅና ሰንብቱ።

የቃላት ትርጉም

ፍርስራሽ፦ የፈረሰ የቆየ ሕንጻ
ደሴት፦ በውኃ የተከበበ መሬት
ትውፊት፦ በአፍ ሲነገር የመጣ ታሪክ
ቅርስ፦ ከቀደሙት ተረክበን ለሚመጡት የምናስረክበው ሀብት
ኖራ፦ ከድንጋይ ተቃጥሎ የሚገኝ፣ ለግንብ ማያያዣ የሚሆን ነጭ ዱቄት

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የጎርጎራ ሰዎች ፎቅ ቤቱን ምን ብለው ጠሩት? ለምን?
2. የአላታ ድልድይ በ1626 ከተሠራ፣ በእኛ አቆጣጠር ስንት ዓመተ ምሕረት ገደማ ይሆናል?
3. የዘጌ ጫካ እስከ ዛሬ እንዲቆይ የረዳው ሥርዓት ምንድን ነው? በእናንተ አገር እንዲህ ያለ ሥርዓት አለ?
4. መብራትና ፏፏቴ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። እናንተ ብትሆኑ እንዴት ታስታርቋቸዋላችሁ?
5. የምትኖሩበት ሰፈር ስም ምን ማለት ነው? ከትልቅ ሰው ጠይቃችሁ ጻፉ።